ክፍሉን ከጉልበት በታች ማየት

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ባሕር ዳር የገባ ቤተሰብ ማደሪያ ሲፈልግ «አልጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳ ተቀባይዋም «ስንት ናችሁ?» ትላለች። አባት «ሁለት ነን» ይላል። እናቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ የተኛው የዓመት ከመንፈቅ ልጅ አልተቆጠረም። ወላጆች ተጨማሪ ሒሳብ ባለመጠየቃቸው ደስ ይላቸዋል፤ ባለቤቱም እንደ ውለታ ያስበዋል። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ፣ ከአልጋ ተንሸራቶ ወርዶ፣ ሶኬቱን በጣቱ የሚሞክረው፣ የወለሉን ፍርፋሪ ወደ አፉ የሚወስደው፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፍቶ የሚገባው ያ ያልተቆጠረው እንግዳ ነው።

ለመዝናናት ብሎ ሐይቅ ዳር መውረድ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው ዘንድ የቆየ ልማድ አይደለም። ደገኛው ወደ ቆላ የሚወርደው ለሥራ ነበር፤ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ። አለዚያም ለጠበል ወይም ደራ ወረዳ ያለው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ። አሁን ግን መምህሩም፣ ነርሷም፣ ነጋዴውም የግማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ ወይም ከዘመድ ሠርግ መልስ «ልጆቹ ጣናን ይዩ» ማለት ጀምረዋል። ደግ አድርገዋል። እነዚህ ወረዳዎች ያሉበት ደቡብ ጎንደር ራሱ የጣና ዳርቻ ያለው ዞን ነው፤ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ ከሐይቁ ጋር ይዋሰናሉ። ሆኖም ያ ዳርቻ በክረምት ጎርፍ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ ከዚያም ላይ የእምቦጭ አረም ተጨመረበት። ቤተሰብ ይዞ የሚያርፍበት ቤት የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ አቅሙና ጊዜው ያለው በጎንደር በኩል ዞሮ ጎርጎራ ይደርሳል።

«በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ገብቶ ነበር፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ሁለት ነው። በእነዚህ ዓመታት የተወለደ ልጅ ከማንም በላይ ሰላማዊ ውሃ ማየት ይገባዋል፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ባሕር ዳር አልጋ ይዘው ከሚያድሩት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወላጆች ብዙዎቹ ለመዝናናት የመጡ አይደሉም። ልጅ ታሞባቸው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የመጡ፣ ቀጠሮ የሚጠብቁ፣ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ታናሹን አዝለው የወረዱ ናቸው። የሚያርፉት እዚያው ፔንሲዮን ነው፤ የሚተኙት እዚያው አልጋ ላይ ነው። ስለ ሽርሽር ማደሪያ የምጽፈው ሁሉ ለእነሱም የተጻፈ ነው፤ ለእነሱማ ይብሳል፤ ምርጫቸው ጠባብ ነውና።

የመጀመሪያው ምርጫ፣ በእኛ አገር ሁልጊዜም እንደነበረው፣ ዘመድ ቤት ነው። ይህን የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላጣጥልም። ለሕፃን ዘመድ ቤት ማለት ምድጃ፣ ወተት የሚፈላበት ድስት፣ ማታ ሲያለቅስ የሚነሣ ተጨማሪ ሰው፣ አብረው የሚጫወቱ ልጆች ማለት ነው። ችግሩ ይሉኝታው ነው። እንግዳ ሆኖ «አጎበራችሁ ተቀዷል»፣ «የጓሮ በርሜላችሁ ክዳን የለውም» ማለት ይከብዳል፤ የቤቱ እመቤትም «እትዬ፣ ልጁን ለእኔ ተይው» ብላ ካቀፈችው በኋላ እናት አፏን ትዘጋለች። የተከፈለበት ቤት ቢያንስ መጠየቅ ይፈቅዳል። አቅም ካለ፣ ሐይቁን ቀን አይቶ ማታ ዘመድ ቤት ማደር ወይም ወጥ ቤት ያለው ገስት ሃውስ መከራየት ለሕፃን ላዘለ ሰው ከብዙ ባለ ሐይቅ ዕይታ ክፍል ይሻላል እላለሁ። ሕፃኑ ዕይታ አይገዛም።

ከቤቱ በፊት ወሩ ይመረጥ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ስለሆነ ብዙ ሰው ነሐሴንና ጳጉሜን ያስባል። ነገር ግን ጣና በክረምት ጭቃ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ውሃው ባቆረበት ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ሁለተኛው አነስ ያለ ወቅት ግንቦትና ሰኔ ላይ ይመጣል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥርና የየካቲት ሳምንታት ደረቅና ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው፤ ከግማሽ ዓመቱ እረፍትም ጋር ይገጥማሉ። አያቶቻችን ደገኛ ሕፃን ወደ ቆላ አይውረድ ሲሉ አጉል ፍርሃት አልነበረም። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ። ወባ በሌለበት ደጋ የተወለደ ልጅ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ሲይዘው በአንድ ጊዜ ያዳፋዋል። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ በወይና ደጋው የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አሞ 150,000 የሚሆን ፈጅቷል። ያ ታሪክ ነው ለሚል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በጥር እና በጥቅምት መካከል ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ስለዚህ አልጋ ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው አንሶላ ሳይሆን አጎበር ነው። ብዙ ቤቶች አጎበሩን ከአልጋው በላይ እንደ ጌጥ ቋጥረው ይሰቅሉታል። ይፈታ። ቀዳዳ ይፈለግ። እስከ ፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ የሚታጠፍ ርዝመት እንዳለው ይታይ። እናት፣ አባትና ልጅ በአንድ አልጋ ሲተኙ የልጁ እጅና እግር አጎበሩን ተደግፎ ያድራል፤ ትንኟም በዚያው ትነክሳለች። አልጋው ጠባብ ከሆነ ፍራሽ መሬት ላይ አስነጥፎ፣ አጎበሩን ዝቅ አድርጎ አስሰቅሎ፣ ልጁን እዚያ ከአንዱ ወላጅ ጋር ማስተኛት ይሻላል፤ ከአልጋ መውደቅም ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ መስኮት ይከፈታል፤ የመስኮቱ ወንፊት ያኔ ነው የሚፈተነው። ከእረፍት ተመልሶ በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጁ ካተኮሰው «ጥርስ እያወጣ ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ወስዶ «ባሕር ዳር ነበርን» ማለት ያስፈልጋል። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ካልተነገረው ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል።

ቀጥሎ ውሃው ራሱ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእኛ ቤት የሚጀምረው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ተራራ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት ላይ ተኝቶ ጉማራንና ርብን ይልካል፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። የእስቴ ልጅ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚረግጠው ደለል ከአያቱ ማሳ የወረደ ሊሆን ይችላል። ዳርቻው በዚህ ምክንያት ድፍርስ ነው፤ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ የወደቀ ሕፃን አይታይም። ከዚያ በላይ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣ ውስጥ የሚራባው ትል በጸጥተኛ፣ ሣር በበዛበት፣ ሞቅ ባለ የዳር ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሕፃን እንዲንቦጫረቅ የምንመርጠው ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለውን ጸጥተኛና ሞቅ ያለ ጥግ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው መድኃኒት ትምህርት የደረሱትን እንጂ ሕፃናቱን አያካትትም ነበር፤ ለሕፃናት የተዘጋጀው ክኒን የአውሮፓን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይሁንታ ያገኘው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ሐይቅ ዳር ሄዶ እግር አለማርጠብ ይቻላል? ይቻላል። ሣሩ ላይ መጫወት፣ ወፍ ማየት፣ ጠጠር መወርወር፣ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ መመልከት ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው አባት ነው፤ «እንዋኝ» የሚለው። መንቦጫረቅ ግድ ከሆነ ገንዳ ያለው ቤት ይመረጥ፤ ገንዳው ግን አጥርና የሚቆለፍ በር ይኑረው። መታጠቢያውም ከሐይቅ የተሳበ ውሃ ከሆነ በቀጥታ የሚመጣ ነው ወይስ በሮቶ የሚቆይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሁለት ቀን የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትሉ አይተርፍም። ሐይቅ ገብቶ መዋኘት ዋናው ጉዳዩ የሆነ ቤተሰብ፣ መንገዱ ቢርቅም፣ ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ የሚነገርለትን ላንጋኖን ቢያስብ ይሻለዋል። ጉማሬም አይረሳ፤ ማታ ማታ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣልና፣ አጥር የሌለው የሐይቅ ዳር ግቢ ውስጥ ከመሸ በኋላ ልጅ ይዞ መንሸራሸር ጀግንነት አይደለም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ከሁሉ በላይ ቸል የተባለው እዚህ ነውና። የሻወር ቤቱን በር ክፈቱ። ውሃ ስለሚጠፋ አንድ ትልቅ ባልዲ ወይም በርሜል እስከ አፉ ተሞልቶ ተቀምጧል። ለአዋቂ እንግዳ ይህ የባለቤቱን አሳቢነት ያሳያል፤ ለሕፃን ግን ከጣና ይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ባልዲ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ራሱ ከገላው አንጻር ከባድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ፊቱን አይቶ ሲያጎነብስ በራሱ ይገለበጣል፣ ባልዲው ደግሞ ከባድ ስለሆነ አብሮት አይወድቅም። ጩኸት አይሰማም። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ወላጆች ሐይቁ ዳር ለሦስት ሰዓት ልጃቸውን እጁን ይዘው ቆይተው፣ ክፍል ሲገቡ «እፎይ» ብለው በሩን ዘግተው ስልካቸውን ያነሣሉ። ጥንቃቄው የሚፈታው አደጋው እዚያ ያለ በማይመስልበት ቦታ ነው። ክዳን ያለው ጀሪካን ይቀየርልን ማለት፣ ካልሆነም ከውጭ የሚቆለፍ የሻወር በር ያለው ክፍል መምረጥ ብዙ ነገር አይጠይቅም።

ሁለተኛው ቡና ነው። ይህን ስጽፍ ቅር የሚለው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ያለ ቡና አልውልም። በሆቴሉ መግቢያ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ከሰል ምድጃው ላይ ጀበና ተጥዶ ማየት እንግዳን ያስደስታል። ሁሉም ግን መሬት ላይ ነው፤ ፍሙም፣ የፈላው ጀበናም፣ የዕጣን ማጨሻውም ከሕፃን ደረት በታች። ቤት ውስጥ ቢሆን ሕፃኑ ቦታውን ያውቀዋል፣ ቤተሰቡም ይጠብቀዋል። እዚህ ግን አዲስ ነገር ነው፤ ይሮጣል። ቡና አፍዪዋ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ እናት ቦርሳ ትከፍታለች፣ አባት መታወቂያ ያስመዘግባል። ዝቅ ያለች የእንጨት አጥር፣ ወይም ጥግ ላይ የተለየ መደብ ብትሠራ ማን ይጎዳል? ከውበቱ አንድ ነገር አይቀነስም።

ደረጃውን በአጭሩ ልለፍ፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይጠየቅ። ከፎቅ በቀር ከሌለ የበረንዳው ብረት በመካከሉ ያለው ክፍተት የልጁን ጭንቅላት የሚያሳልፍ እንዳይሆን ይታይ፤ ብረቱ አግድም ከተሠራ ደግሞ መሰላል ነው፣ ልጁ ይወጣበታል። ሙቅ ውሃውን በእጅ ሳይሞክሩ ልጅ ከሥሩ አለማቆም። ሙዚቃ ቤቱ ከየትኛው ግድግዳ በኩል እንዳለ ቀን መጠየቅ፤ ማታ ከተሰማ በኋላ መለወጫ ክፍል አይገኝም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። የየካቲት እረፍት ብዙ ጊዜ ከነነዌ ጾም ወይም ከዓቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይጋጫል። ሕፃኑ አይጾምም፤ ወጥ ቤቱ ግን ይጾማል። ወተትና እንቁላል በጾም ቀን የማያስገባ ቤት ተሳስቷል አልልም፤ ወላጁ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የአጥሚት ዱቄትና በሶ ይዞ ይውረድ። ዓሣ ደግሞ ሕፃን ከጎልማሳ ሳሕን እየተጎረሰ የሚበላው ምግብ አይደለም፤ እሾሁን በጣት ፈልጎ አውጥቶ፣ እንደገና ፈልጎ ነው።

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ሐይቁ ገዳማት በጀልባ ሲኬድ አንቀልባ ይፈታ። የእኛ እናቶች ልጅ ጀርባቸው ላይ ካለ ዓለም ሁሉ የረጋ ይመስላቸዋል፤ መሬት ላይ እውነት ነው። ውሃ ላይ ግን ጀርባ ላይ የታሰረ ልጅ እናቱ ብትወድቅ መፍታት የሚችል ሰው የለም፤ ላይፍ ጃኬቱም እናትን እንጂ ልጁን አያለብስም። ልጁ ጭን ላይ ይቀመጥ፣ የራሱን ይልበስ። ትንንሽ ላይፍ ጃኬት ያለው ጀልባ እንዳለ ይጠየቅ፤ ጀልባ ነጂው «ለሕፃን የሚሆን የለም፣ አይዞሽ እህቴ» ካለ ያ ጉዞ ለሕፃን አልተዘጋጀም ማለት ነው። አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ዳር ቀርቶ ሌላው ቢሄድ ገዳሙ አይቀየምም።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ልጅ ይዘው አያት ለማስተዋወቅ ስማዳ የሚመጡ ቤተሰቦች ሌላ ነገር አለባቸው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ አንዳንዶቹ መልስ ጉዟቸው ላይ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ይጨምራሉ፤ ጣና ላይ የነበረው የወባ ጥንቃቄ እዚያም ያስፈልጋል። ለሕፃን የሚሆነውን የወባ መከላከያ መድኃኒት ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ወገዳ ከደረሱ በኋላ ከሚፈልጉት ያ ይቀላል። የመኪና የሕፃን ወንበራቸውንም ይዘው ይምጡ፤ በወረታ–ወልድያ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ ጭን ላይ የተያዘ ልጅ አልተያዘም።

እስካሁን ሸክሙን ወላጅ ላይ ብቻ የጫንኩ ይመስላል። አይደለም። የሆቴል የኮከብ ደረጃ ምደባ በ2007 ዓ.ም. ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሲጀምር ትልልቆቹን ሆቴሎች ነበር የመዘነው። የጋይንት ገበሬ ልጁን አዝሎ የሚያድርባት ፔንሲዮን ኮከብ የላትም፣ አትጠይቅምም። እሷን የሚያያት የከተማው ጤናና ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሠራተኛ የጤና ምርመራ ካርድ ይጠየቃል፣ የንግድ ፈቃድ ይታያል፣ ሽንት ቤቱ ይከፈታል። በዚያው ጉብኝት ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ወጪ የላቸውም፤ አጎበሩ ያልተቀደደ ነው? የሻወር ቤቱ ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ነው? የበረንዳው ብረት ጠባብ ነው? ከሰሉ የት ይቀመጣል? ጀልባ ማኅበራቱም ፈቃድ ሲያድሱ ስንት የሕፃን ላይፍ ጃኬት እንዳላቸው ያሳዩ። መዝገቡም ላይ «የእንግዳ ብዛት» ከሚለው ዓምድ አጠገብ የልጅ ዕድሜ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይኑር። እንግዳ ተቀባይዋ «ሕፃን አለ?» ብላ ከጻፈች፣ ቁልፍ ስትሰጥ የትኛውን ክፍል እንደምትሰጥ ታውቃለች፤ ክፍል አዘጋጁም ከመግባታቸው በፊት ባልዲውን ያነሣዋል።